ስሟን የዘለልኩበት ዘፈን

ትላንት ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ቅጂው ጥራት የለውም፤ አንድ ተማሪ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የቀዳው ነው። መጀመሪያ የሚሰማው የጁስ መፍጫ ጩኸት ነው። ከዚያ መፍጫው ቀጥ ይላል፣ አንድ ሰው ያስላል፣ የፕላስቲክ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ይጎተታል፣ ቀጥሎ የሃያ አራት ዓመቱ እኔ እጀምራለሁ። የበሰለ ፓፓያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ ባጃጁ ውስጥ ግን ፓፓያ አልነበረም። ሾፌሩ መሪውን በጣቱ እየመታ «የኔ ሆድ» የሚለው ቦታ ሲደርስ አብሮ ዘፈነ።

«ማን እንደዘፈነው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ድሮ እዚህ የነበረ ልጅ ነው ይላሉ። አሁን ውጭ ሳይሄድ አልቀረም» አለኝ።

ውጭ አልሄድኩም። ሰፈሬ ሲደርስ ወረድኩ።

አንተም ጊታር ልትማር እኔ ዘንድ ስትመጣ ያን ዘፈን ለምን እንደማልዘፍነው ስንት ጊዜ ጠይቀኸኛል። ሁልጊዜ «ረሳሁት» ብዬህ ወደ ሌላ ልምምድ እናልፋለን። አልረሳሁትም። እንዲያውም ከጻፍኳቸው ዘፈኖች ሁሉ አንድም ቃል ያልጠፋብኝ እሱ ብቻ ነው። ደግሞ «ጻፍኩት» ስል እራሴን እያረምኩ ነው፤ ስነግርህ ይገባሃል።

የተመረቅኩት እዚሁ ሀዋሳ፣ በአካውንቲንግ ነው። ስጨርስ ወደ አሰላ ወደ ቤተሰቦቼ መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ለአባቴ በስልክ «የሥራ ማስታወቂያ እየጠበቅኩ ነው» እለው ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሄጄ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አየው ስለነበር ጨርሶ ውሸት አይባልም። የቀረውን ስድስት ቀን ዘፈን እጽፍ ነበር። ጊታሬ ከእኔ በፊት የተመረቀ ልጅ ትቶልኝ የሄደው ነው፤ አንዱ መቃኛው ተሰብሮ በፒንሳ ነበር የማጠብቀው። ሰው ፊት በፒንሳ ጊታር ስትቃኝ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርህም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሜ ደርሼ ጓሮ ሄጄ እቃኝ ነበር።

የምኖረው እዚሁ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ግቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ስድሳውን ያለፉ የጎጃም ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበሩ በዝውውር ሀዋሳ ይዘዋቸው የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ስገባ ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ትልቁን ቤት ብቻቸውን ይኖሩበት ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ደስ ሳሰኛቸው «ልጄ»፣ ሳናድዳቸው «አንተ አዝማሪ» ይሉኛል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሽሮ በሳህን ከድነው በመስኮቴ ያቀብሉኛል፤ ሳህኑን ሳላጥበው ከመለስኩ ለቀጣዩ ሳምንት አዝማሪ ነኝ።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ፎቶግራፍ ነበር። አንድ ቀን ማን እንደሆነች ጠየቅኳቸው። «ልጄ ናት። የዝና። ወባ ነው የወሰዳት፤ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር» አሉኝና ወጥ ጨለፉልኝ። ሌላ አልጠየቅኩም። ሌላውን ሰው ሁሉ ስሙን ትቼ ነው የማወራህ፤ የእሷን ስም ግን መተው አልችልም። አንዴ ትቼዋለሁ።

እማማ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ያጥባሉ። ቧንቧውን ለቀውት፣ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ባለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። ለቅሶ ስልህ እንባ አይደለም፤ ሙሾ ነው፣ በዜማ። የውሃው ድምፅ የሚሸፍናቸው ይመስላቸዋል። የእኔ ክፍል በር ግን ከቧንቧው አራት እርምጃ ነበር። ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት ስሟን ይጠራሉ፣ ትንሽ ያርፋሉ፣ ይቀጥላሉ።

«የዝና…
ምሳሽን ከድኜ በሩን ገርበብ አርጌ፣
ስንቱን ኮቴ ሰማሁ ያንቺውን ፈልጌ።

የዝና…
ከብርድ ሸሽጌ ደጋ ያሳደግኩሽ፣
ምነው በጠራራ ሙቀቱ ወሰደሽ።»

አልጋዬ ላይ ተጋድሜ እሰማ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ያሳዝነኝ ነበር። በኋላ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ዜማውን መስማት ጀመርኩ። የት ከፍ እንደሚል፣ ስሟ ላይ እንዴት እንደሚንጠለጠል፣ «ፈልጌ» ላይ እንዴት እንደሚወርድ። ያን ጊዜ ለወራት አንድም የሚረባ ዜማ አልመጣልኝም ነበር። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ጊታሬን አነሳሁና በጣቴ ብቻ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ተከተልኳቸው። ሙሾ መሆኑን አላወቅኩም ብል ውሸት ነው።

ግቢው ውስጥ ግን አንድም ቀን ደፍሬ አልሞከርኩትም። ጊታሬን ይዤ ሐይቅ ዳር እሄዳለሁ፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ ቆመው የሚጠብቁበት። እዚያ እለማመደዋለሁ። ሌሎቹን ዘፈኖቼን እማማ እስኪሰለቻቸው ድረስ በር ላይ ተቀምጬ ነው የምለማመደው። ይሄን ብቻ ለምን ሐይቅ ድረስ እንደምሸከመው እራሴን ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ ከበሮ መቺ። ከበሮ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ፤ ከእንጨት ያሠራው ሳጥን ነው፣ ላዩ ላይ ተቀምጦ በእጁ ይመታዋል። ምሕንድስና ይማር ነበር፤ ሳጥኑንም ራሱ ነው የለካው። ዜማውን ሐይቅ ዳር ሲሰማው ወደደው።

«ግን ይሄ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ነው። እናስነሳው» አለኝና ፈጠን ያለ ምት ሰጠው። ዜማው ተነሳ። እኔንም ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«የዝና ማን ናት?» አለኝ።

«ማንም አይደለችም። ዝም ብሎ የመጣልኝ ስም ነው» አልኩት።

«እንግዲያው የኔ ሆድ በለዋ! የገጠር አክስት ስም እየጠራህ ማንን ልታስጨፍር ነው?»

ሞከርኩት። ልክ ቦታው ላይ ገባ፤ አልጎደለም፣ አልተረፈም። ምሳው ተከድኖ፣ በሩ ገርበብ ብሎ የሚጠበቀው የሞተች ልጅ ሳይሆን የቀረች ፍቅረኛ ሆነ። የደጋውን ስንኝ ጣልኩትና የራሴን ጨመርኩበት።

«ባጃጁም ይመጣል፣ ባጃጁም ይሄዳል፣
ያንቺ መቅረት እንጂ ሌላው ይለመዳል።»

በዚህች ስንኝ በጣም ኮርቼ ነበር። ዘፈኑን የእኔ ያደረገችልኝ እሷ መስላኝ ነበር።

የምንጫወተው እሁድ እሁድ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጁስ ቤት ነው። ሠላሳ ወንበር፣ አንድ ሞንታርቦ፣ አንድ ማይክ። መድረክ የለውም፤ ማቀዝቀዣው አጠገብ ነው የምንቆመው፣ ሲነሳ በእግራችን በኩል ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ጎልማሳ የሲዳማ ሰው ነበር፤ አማርኛን አድጎ የተማረው፣ ንግግሩ አጭር፣ ቀልዱ የተደበቀ። ደንበኞቹ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፣ ከየአገሩ የመጡ፤ ስፕሪስ አዘው ሁለት ሰዓት ይቀመጡበታል። ሥራው ሥራ ነውና እየዘፈንኩም ቢሆን ጁስ ሲታዘዝ መፍጫው ይነሳል። በስንቱ የፍቅር ዘፈኔ መሀል አቮካዶ ተፈጭቷል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሚያውቃቸውን የታዋቂ ዘፋኞች ዘፈን እንድጫወት ይፈልግ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» እያልኩ ደረቴን ነፍቼ የራሴን ብቻ እዘፍን ነበር። ተረቱን ስናገር አላፍርም ነበር፤ አሁን ሳስበው ነው ፊቴን የሚያቃጥለኝ።

«የኔ ሆድ»ን መጀመሪያ በዘፈንኩበት እሁድ ባለጁስ ቤቱ መፍጫውን አጠፋ። ማንም ሳያዘው። ተማሪዎቹ ሁለተኛው ዙር ላይ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሦስተኛው ላይ «የኔ ሆድ» የሚለውን ከእኔ ነጥቀው እነሱ ይሉት ጀመር። እኔ ዝም እላለሁ፣ ቤቱ በሙሉ «የኔ ሆድ!» ይላል፣ እኔ እቀጥላለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም ነበር። ስንጨርስ ባለቤቱ የሁለታችንንም ጁስ ይዞ መጣ።

«ዘፈኑ ጥሩ ነው። ግን ዜማው ያለቅሳል፣ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። እናንተ ጋ እንዲህ ይደረጋል?» አለኝ።

ሳቅኩ። ቀልድ ግን መስሎኝ አልነበረም።

በሁለት ወር ውስጥ ዘፈኑ በየስልኩ ገባ። አንድ እሁድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የመጣ፣ ስቱዲዮ ያለው ሰው፣ በአጋጣሚ ጁስ ሊጠጣ ገብቶ ሰማው። ጠራኝና ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ዘፈኑን እሱ ጋ እንድንቀዳው፣ ክሊፕ እንድንሠራለት፣ ከዚያም ሌሎቹን እያየን እንድንሄድ ነገረኝ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ና» አለኝ። ያን ማታ ለአባቴ ደውዬ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ አልኩት። ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ደስ ብሎት ለእናቴ ሲነግራት በስልኩ ይሰማኝ ነበር። እንግዲህ ያ ዘፈን ለእኔ ምን እንደነበረ ይገባሃል። ከሰሌዳው፣ ከፒንሳው፣ ከውሸቱ ሁሉ የሚያወጣኝ እሱ ብቻ ነበር።

ከመሄዴ በፊት ባለው እሁድ ባለጁስ ቤቱ የስንብት ዝግጅት አደረገልኝ። ጎረቤቱ ካለው ቡና ቤት ወንበር ተውሶ ደረደረ። ጀምረን ሁለት ዘፈን እንደተጫወትን ከበሮ መቺው ጓደኛዬ ጣቱን ወደ በሩ ቀስሮ ጠቀሰኝ፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል። እማማ ከባጃጅ እየወረዱ ነበር። ነጭ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ። እሱ ነው በድብቅ የጋበዛቸው። «እናት የሌለችበት ስንብት ምን ስንብት ነው ብዬ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። ተማሪዎቹ ተነስተው ከፊት አስቀመጧቸው፤ ስፕሪስ መጣላቸው፤ ማንኪያውን እያገላበጡ ዙሪያውን ያያሉ። ኮርተውብኝ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ፊት ስዘፍን ያዩኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሌሎቹን ዘፈኖች በሙሉ ዘፈንኩ። ሁለቱን ደገምኳቸው። አመሰግናለሁ ብዬ ጊታሩን ላወርድ ስል ቤቱ በሙሉ «የኔ ሆድ! የኔ ሆድ!» ማለት ጀመረ። ባለቤቱም መፍጫውን አጠፋ። እማማም ምን እየተባለ እንደሆነ ሳያውቁ ከልጆቹ ጋር ያጨበጭቡ ነበር። ጉሮሮዬን አሞኛል ማለት እችል ነበር። ብዙ ማለት የምችለው ነገር ነበር። ጀመርኩ።

ስጀምር እጃቸው ጭብጨባው ላይ ነበር። «ምሳሽን ከድኜ» ስል እጃቸው ቆመ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካ። «ያንቺውን ፈልጌ» ላይ ስደርስ አየኋቸው፤ እሳቸው እኔን አያዩም፣ ጭናቸው ላይ ያለውን ነጠላ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ቤቱ «የኔ ሆድ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ ጩኸት መሀል የእማማ ከንፈር ሌላ ቃል ሲል አየሁት። ድምፁ አልተሰማም፤ እኔ ግን ስንት ቅዳሜ የሰማሁት ቃል ነው።

ቀስ ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ገለበጡት፣ ጥለቱን ወደ ላይ ወደ አንገታቸው አድርገው ዘቅዝቀው ለበሱት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ተመልሰው ተቀመጡ። እጃቸውን አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልጆቹ አላስተዋሉም፤ የበረዳቸው መስሏቸው ይሆናል። ጓደኛዬ ግን አስተውሏል። የሳጥኑ ምት መጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ። የመጨረሻዋን የባጃጅ ስንኝ ያለ ከበሮ፣ በሰው ጭብጨባ ብቻ ጨረስኩት።

ጭብጨባው ሳያልቅ እማማ ወጥተው ሄደዋል። ጓደኛዬ አጠገቤ መጣ። «የዝና ማን ናት?» አለኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ነገርኩት። ሳጥኑን አንስቶ ሳያናግረኝ ሄደ።

እግሬን እየጎተትኩ ቤት ደረስኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። እማማ በራቸው ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው። ፊታቸው ቆምኩ።

«ዜማውን አልሳትከውም። እኔ እንኳ አንዳንዴ እስተዋለሁ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ? ሙሾ የማንም ነው፣ የሰማ ይይዘዋል። እኔም ከእናቴ ነው የያዝኩት። ልጆቹም ይጨፍሩበት፤ ልጅ ምን ያድርግ፣ ሲመታለት ይጨፍራል።» ቀጥለው፣ «ስሟን ግን ምን አደረግከው?» አሉኝ።

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ናቸው የተናገሩት፣ እኔን ሳያዩ፣ በሩን እያዩ።

«እዚህ አገር በመጣን በሁለት ወራችን ነው። ደገኞች ነን፣ ወባን ከየት አውቀነው። ስትንቀጠቀጥ ብርድ መስሎኝ ጋቢ እደርብባታለሁ። በጋቢ ላይ ጋቢ። ሐኪም ቤት ስንወስዳት መሽቶብን ነበር። ጎረቤት መጣ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ ዕድር እንኳ ሳንገባ ድንኳን ጣሉልን። አለቀሱ፣ ምን ያድርጉ፣ አያውቋትም። አንዷ ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹ልጅቱ ስሟ ማን ነበር?› አለችኝ። ስሟን ጠርቼ ያለቀስኩት ብቻዬን ነው። እስከ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ዛሬ ያ ሁሉ ልጅ አንድ ላይ አፉን ሲከፍት… ሊጠራት ነው ብዬ ነበር።»

ተነስተው ገቡ። በሩን ገርበብ አደረጉት፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚተዉት፣ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

አዲስ አበባ የምሄድበትን ቀን በአንድ ሳምንት አዛወርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ተከፈተ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጠበቅኩ። ውሃው ብቻውን ወረደ። ልብሱን አሹት፣ ጨመቁት፣ አሰጡት፣ ምንም አላሉም። በሩን ከፍቼ ወጣሁና በገመዱ ላይ የቀረውን አንሶላ ይዤላቸው፣ «እማማ፣ በእኔ ነው?» አልኳቸው።

«አልመጣ አለኝ» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ልጀምር ስል ያ ጭብጨባው ይመጣብኛል።»

ከሰው ላይ ብዙ ነገር ይወሰዳል። እኔ ያን ጠዋት የወሰድኩትን ያህል ወስዶ በሰላም የተኛ ሰው ስለመኖሩ እንጃ።

የዚያኑ ዕለት ለስቱዲዮው ሰውዬ ደወልኩ። ግጥሙን ትንሽ ልቀይር፣ «የኔ ሆድ» በሚለው ፋንታ ስም ላስገባ አልኩት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ በትዕግሥት ሰማኝ። «ስም ያለው ዘፈን ሞልቷል ወንድሜ፤ ሰው የወደደልህ ‹የኔ ሆድ›ን ነው። ምቱንም እንዳትነካው። እንዳለ ይዘኸው ና፣ ወይ ደግሞ ሌላ ዘፈን ስታገኝ ደውልልኝ» አለኝ። ሌላ ዘፈን የለኝም። እንዳለ ይዤው አልመጣም አልኩት። ይሄን ሳወራህ ጀግና እንዳልመስልህ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋ ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ለአባቴም ሥራው እንደቀረ ነገርኩት። «ታዲያ ለምን ተመረቅክ?» አለኝና ለብዙ ጊዜ አልደወለም።

እሁድ ጠዋት እማማ ዘንድ ገባሁ። ዛሬ በስሟ እዘፍነዋለሁ፣ ይምጡልኝ አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። ሳምንቱን ሙሉ ነጠላቸውን አላቀኑትም ነበር።

«እኔማ አልመጣም» አሉ። «ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው ከቤቱ አይወጣም። አንተ ሂድ።»

ጁስ ቤቱ እንደ ልማዱ ሞልቶ ነበር። አዲስ አበባ ሄደ ሲባል ቀርቼ ሲያዩኝ ሳቁ፣ አሾፉብኝ። ጓደኛዬ መጥቷል፤ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ግን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መፍጫው ሳልለምን ጠፋ። ስልካችሁን አስቀምጡ አልኳቸው። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ለአንተ እንደነገርኩህ ያህል አላሳመርኩትም። ዜማው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሞተች፣ ስሟን እኔ እንደዘለልኩት። ያ ሁሉ ተማሪ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ለቅሶ ግን የማያውቅ አልነበረም። ስፕሪሱን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

ጀመርኩ፣ በእማማ አካሄድ፣ ቀስ ብዬ። «የዝና» አልኩና አረፍኩ። ማንም አልተከተለኝም። ስንኙን ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ከፊት የተቀመጡ ሁለት ልጃገረዶች አብረውኝ ጠሯት። የደጋውን ስንኝ መለስኩት። ሦስተኛው ላይ ቤቱ በሙሉ «የዝና» አለ፤ ማንም አላጨበጨበም። ባለጁስ ቤቱ ኮፍያውን አውልቆ፣ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ፣ በራሱ አነጋገር ጠራት። ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እያንባረቀ አለፈ። የራሴን ስንኝ አልዘፈንኩትም።

ስልካቸውን ስላስቀመጡ ያን ቀን የተቀዳ የለም። በከተማው የሚዞረው የተሳሳተው ነው፣ ወደፊትም የሚቀረው እሱ ነው። ይሄ ይቆጨኛል። ግን ከዚያ እሁድ ወዲህ ዘፈኑን አፌ ላይ አላመጣሁትም፤ ለአንድ ሰው ሁለቴ ድንኳን አይጣልም። እማማም ከአምስት ዓመት በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ዝም ብለው ነበር የሚያጥቡት። ሙሾአቸውን ነጥቄያቸው ይሁን ወይ ጨርሰውት ይሁን፣ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ያን እሁድ ወደ ቤት ስመለስ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እየጠበቁኝ ነበር። ጊታሬን መሬት አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«ስንት ሰው መጣ?» አሉኝ።

«አርባ ይሆናል።»

«ጠሯት?»

«ጠሯት፣ እማማ። ሁሉም።»

«ስሟን ሳያሳስቱ?»

«ሳያሳስቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐይቁ በኩል ነፋስ መጥቶ ቅጠሉን አንኮሻኮሸው። «ለአንድ ልጅ ይበቃል» አሉ።

በዚያ ግቢ ሁለት ዓመት ስኖር፣ ሽሮአቸውን ስበላ፣ ዜማቸውን ስወስድ፣ ማንም ሰው ለማንም የሚለውን ያን አንድ ቃል ብዬአቸው አላውቅም ነበር።

«እግዜር ያጽናዎት» አልኳቸው።

«አሜን» አሉና ወደ አግዳሚው ጫፍ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።